ሁለተኛዋ ፊደል

ዋናው ትምህርቴማ ድልድይና መንገድ፣
የብረት ጉልበቱን፣ የአፈሩን መናድ
ለክቶ መገመት ነው፤ ያስከብራል፣ ያበላል፤
አባቴ ሲጠይቁት «መሐንዲስ ናት» ይላል።
ሌላውን አይጠራም። ሌላው ንዑስ ነው፤
ከስሙ ጀምሮ ትንሽ ያስመሰለው፤
የአይሁድ ታሪክ፣ ባህልና እምነት፣
ስድስት ኮርስ ብቻ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሰዓት።

እውነቱን ልናገር፦ ፍቅር አልነበረም ያስገባኝ ያኔ፤
ሌላው ሁሉ ሞልቶ ማክሰኞ ብቻ ተረፈ፣ ለዘገየሁት ለእኔ።
የመዝገብ ቤቷ ሴት፣ መነጽሯን ገፍታ፣
«ምን ያደርግልሻል? ዘመድ አለሽ?» አለች፣ ቅጹን አይታ።
«የለኝም» አልኳት።
«ታዲያ?»
ትከሻዬን ሰበቅሁ።
ማኅተሙን መታችው፤ ወጣሁ።

ተሰሎንቄ በኅዳር ጭጋግ ናት፤ ባሕሩ አይታይም፣
መርከቡ ያጓራል እንጂ ከየት እንደሆነ አይለይም።
ክፍላችን ምድር ቤት፣ ማሞቂያው ያፏጫል፤
ዘጠኝ ሰው ነን፤ አንዱ ሁልጊዜ ይተኛል።
መምህርት ማቲካ፣ ጡረታ የደረሰች፣
ጠመኔ ጣቷ ላይ፣ ኮቷን ሳታወልቅ እንዲህ አለች፦
«ከወንበራችሁ በታች ወለል አለ፤ ከወለሉ በታች ሲሚንቶ፤
ከሲሚንቶው በታች መቃብር ነበረ፣ ስፍር ቁጥር ሞልቶ።
ድንጋዩ ተነቅሎ ከተማው ውስጥ ሄደ፤
አንዱ ደረጃ ሆነ፣ አንዱ ግንብ ወለደ።
አሁን መጽሐፍ ግለጡ፤ ገጽ አራት፣ ፊደል።»
እንቅልፋሙ ልጅ እግሩን አነሣ ከወለል።

አሌፍ ድምፅ የላትም፤ አፍ መክፈት ብቻ ናት።
ሁለተኛዋ ግን ቤት ትባላለች፤ ትርጉሟም ያው ቤት፤
ሦስት ግድግዳ አላት፤ በግራ በኩል ክፍት፣ በር ያልተገጠመላት።
ደብተሬ ላይ መቶ ጊዜ ጻፍኳት፤
እንደ መሐንዲስ አስቤ፣ «አንቺስ ትወድቂያለሽ» አልኳት።

ታሪኩ እያደር ገባኝ፣ እርጥበት ግድግዳ እንደሚገባው፤
ከስፔን የተባረረው በመርከብ መጥቶ ይህን ወደብ ሲያቀናው፤
ኩሊው አይሁዳዊ ነውና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደቡ ሲዘጋ፤
ለቀስተኛ ሰባት ቀን መሬት ሲቀመጥ፣ ትቶ ወንበርና አልጋ።
ለድልድዩ ዘጠና ሲሰጡኝ፣ ግሥ ገድሎኝ ስልሳ ሁለት አመጣሁ፤
ግን ማታ ማታ የማነበው ያንን ሆኖ አገኘሁ።

የመጨረሻው የቤት ሥራ መጣ፦
«አንድ ድንጋይ ፈልጉ፣ ፊደሉ ያልጠፋ፣ ከቦታው የወጣ፤
ያነበበ ስሙን ብቻ ጽፎልኝ ይምጣ።»
ግንቡን ዞርኩ፣ ወደቡን፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር፤
ጓደኞቼ አገኙ፤ እኔ ብቻ ቀረሁ ስዞር፣ ስቸገር።

አባቴ ፖሊክሮኒስ እብነ በረድ ጠራቢ ነው፤ ሁለት ጣት የለውም፤
እራት ላይ ነገርኩት፤ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ወዲያው አልመለሰም።
ከዚያ ባትሪና ድጅኖ ይዞ ወጣ ወደ ደጅ፤
«ነይ ኤቫንቲያ፣ ያዢልኝ፤ ነይ እስቲ አንቺ ልጅ።»
ደረጃችንን፣ ሃያ ዓመት የረገጥኳትን፣ ፈነቀላት፤
ሆዷ ወደ ላይ ሆነ፤ ሸረሪት ሮጠ፤ ውሃ አፈሰሰባት።
«አባቴ ነው ያስገባት፤ ፊቷን ወደ ታች አድርጎ ቀበራት።
ጠራቢ የጠራቢን እጅ ያውቃል፤ የማን እንደሆነች ግን አላወቅሁም፤
ማንበብ የሚችል ሰው እዚህ ቤት እስከ ዛሬ አልነበረም።»

ጣቴን ሰደድኩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ዕውር ቀስ ብዬ፤
ሬሽ፣ ዮድ፣ ሌላ ዮድ፣ ኑን፣ ሄ፤ «ሬይና» አልኩ ፊደሉን ተከትዬ።
ቀጥላ ሁለተኛዋ ፊደል፣ ከታው ጋር ተጣምራ፤
«ልጅ» ማለት ነው። የማን? እዚያ ላይ ድንጋዩ ተሰብሯል በስተግራ።
ግሥ አልነበረበትም።
አባቴ አላማተበም፤ ባትሪውን ብቻ ያዘ፤
«ዕድሜዋስ?» አለ። «አልተጻፈም» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ፈዘዘ።

ሰኞ ከማኅበራቸው መኪና መጣ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዷት፤
አባቴ እስከ መንገዱ ተከተለ፤ «ጠርዟን ተጠንቀቁላት»
ይላል፣ ስንቱን ዓመት ሁላችንም ስንረግጣት።

የትምህርት ማስረጃዬ ላይ ድልድዩ በትልቁ፤
ንዑሱ ከታች ነው፣ በደቃቅ ቀለም፣ አጎንብሰው ለሚጠይቁ።
አባቴ ሌላ ደረጃ አልሠራም፣ ድንጋይ ሞልቶት በጓሮ፤
እንግዳ ሲመጣ በራችን ላይ ይደናቀፋል ቀልቡ ተሰውሮ፤
እኔም እጄን ዘርግቼ፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ ቆሜ፣
«ቀስ» እላለሁ፤ «እዚህ ጋ አንድ ቤት ጎድሏል።»