የሰው ኮርቻ

ጀልባዋን የሠራኋት ጓሮዬ ውስጥ ነው፣
ኮምፔንሳቶ ቆርጬ፣ በሽቦ ሰፍቼ፣ በሙጫ አጥብቄው፤
ርዝመቷ ሁለት ቁመት፣ ወርዷ ክንድ ተኩል፣
አንድ ሰው ይበቃታል፣ ለሁለት ታጋድል።

ሎጎ ላይ አወጣኋት፤ ተንሳፈፈች፣ ሄደች፣
ውሃም አላስገባች፣ ነፋስም አልፈራች።
ጉዱ ከኔ መጣ፦ ሩብ ሰዓት ሳልቀዝፍ
ጉልበቴ ደንዝዞ ወገቤ ሲቀሰፍ፣
ጣውላ ባነጥፍበት፣ ፍራሽ ባጣጥፍ፣
ይንሸራተታል እንጂ እኔን አይደግፍ።

ያኔ ነው ጋሽ እብሬን ያሰብኩት፣
የቢስቲማውን ኮርቻ ሠሪ።
«ለጀልባዬ ኮርቻ» ብለው ሳቀብኝ፣
ጥርስ የሌለው ሳቁ እስኪያሳፍረኝ።

«ስማ» አለኝ ኋላ፣ ወስፌውን አስቀምጦ፣
«ኮርቻ የሚለካው በበቅሎ ጀርባ ነው።
እንዳትቆስል ብዬ፣ እንዳይፈጃት ብዬ፣
አርባ ዓመት ስለካ ጀርባዋን ብቻ ነው።
ላይዋ የሚቀመጥ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣
ለካው ያለኝ የለም።
ያንተዋ ግን ጣውላ ናት፤ ጣውላ አይቆስልም።
እንግዲህ የምለካው አንተን ነው።
ሱሪህን ጠቅልልና ጭቃ አምጣ።»

የማዳበሪያ ጆንያ የሐይቅ ዳር ጭቃ ሞላን፣
ሁለት እፍኝ ጭድ ጨምረን እንደ ምርጊት አቦካን፤
ላዩን በላስቲክ ሸፍኖ
«ተቀመጥ» አለኝ፤ «አትወራጭ እንደ ዛር ፈረስ፣
ጭቃው አንተን እስኪለምድ ድረስ።»

ተቀመጥኩ። እግሬን ዘርግቼ፣ መቅዘፊያ በእጄ፣
ውሃ በሌለበት፣ ከገዛ ደጄ።
የሰፈር ልጅ አጥሩን ሞላው።
ዘምዘም ባልዲዋን ይዛ ስታልፍ ቆመች፤
«ጋሽ እብሬ፣ ይኼ አውራ ዶሮ
መቼ ነው የሚፈለፍል?» አለች።

ስነሳ ጉድጓዱ ውስጥ ጀሶ አፈሰስን፤
በነጋታው ስንገለብጠው
እኔው ነበርኩ። ነጭ፣ ያለ ራስ፣ ያለ ስም፣
መታወቂያዬ ላይ የሌለ ፎቶ።

ጋሽ እብሬ መነጽሩን አውርዶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤
ቀኙ ስስ፣ ግራው የከበደ።
ዝም አለ ጥቂት። ከዚያ፦
«አንተ ሰው፣ ስንት ዓመትህ ነው በግማሽ ስትቀመጥ?»

አልመለስኩለትም።
ግን ታየኝ የአጎቴ ቤት፣ በሩ ጥግ ያለው መደብ።
ዳርቻው የኔ ነበር።
«አንተ ልጅ!» ሲሉ እግሬ ከጆሮዬ ቀድሞ፣
ክብሪት መግዛት፣ ጥጃ ማሰር፣ የጎረቤት ወንፊት መመለስ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ
ቁጭ ብዬ ሳልቀመጥ የኖርኩት።
ማንም አልበደለኝም፤ እራት አልጎደለብኝም፤
ይልኩኝ ነበር ብቻ።

«ሞረድ አለኝ» አልኩት፣ «ግራውን ልሞርደው፣
ከቀኙ እንዲስማማ ፋቅ ፋቅ ላድርገው?»
«ተው!» አለ ቆጣ ብሎ፣ «በቅሎ ብትጎብጥ
ኮርቻው ይጠረባል፣ ጀርባዋ አይለወጥ።»

በጀሶው ላይ ሸራ ለጠፍን፤
አንዱ ሲደርቅ ሌላ፣ ሌላው ሲደርቅ ሌላ፣
ስምንት ድርብ ሆነ።
ከሙሽራ በቅሎ ኮርቻ የተረፈ ቀይ ቆዳ ጠርዙን ሰፋበት፣
«ለማማር አይደለም» አለኝ፣ «ውሃ እንዳይገባበት።»
ዋሸ። ለማማር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋ ወደ ግራ አጋደለች፣
ከኔው ተምራ።
ከዳር አንድ ድንጋይ አንስቼ በቀኜ አኖርኩ።
ተስተካከለች። ቀዘፍኩ።

ሰዓት አለፈ፣ ሁለት፤ ወገቤ ዝም፣ እግሬ ነቅቶ፣
ከመሐል ውሃው ላይ የከተማው ድምፅ ጠፍቶ፣
ድንገት ከዳር አንድ ሰው ተጣራ፦ «አንተ!»
ቀኝ ጎኔ እንደ ልማዱ ሊነሳ ቃጣ፤
መቀመጫው ያዘው።
ጥሪውም ለሌላ ሰው ነበር።

ማታ ነቅዬ አጥሩ ሥር አኖርኩት።
ሌሊት ዘንቦ ኖሮ
ጠዋት ስወጣ ውሃ አቁሯል፤
የዘምዘም ዶሮዎች ከበውት
ከግራው፣ ከጠለቀው በኩል፣ ይጠጣሉ።