አደራ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሚጽፔ ራሞን ላይ፣
ነጩ ዲሽ አንጋጧል ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ።
ከገደሉ ወጥተው፣ ከመብራቱ ሥር
ዋልያዎች ይግጣሉ የአደባባዩን ሣር።
እኔ ተረኛ ነኝ። ሻዬ ቀዝቅዟል።
ከሳተርን ደጃፍ አንድ ጥቅል ተልኳል፤
ሰዓት ከሃያ ነው መንገዱ በብርሃን፣
ፈጥኖም ይዘገያል፣ ምን ይደረግ እንግዲህ፣ ምን።

የከተማው መስመር፣ የምድሩ ሽቦ
ወሬ አይጀምርም "አለህ?" "አለሁ" ሳይባባል ቀርቦ፤
እዚያ ላይ ግን "አለህ?" ብዬ ብጠይቀው
"አለሁ" እስኪለኝ ፈረቃዬ አልቆ የሚሰማው ሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ሕጉ ሌላ ነው።
አቀባይዋ ሳተላይት፣ ጥላ ቢጋርዳት፣
አትጥልም፤ ትይዛለች፣ ሰማይ እስኪከፈት፣
ቀጣዩ ተቀባይ "ተረከብኩ" እስኪላት።
ዮታም ለዚህ ነገር ረጅም ስም አለው፤
እኔ በሆዴ "አደራ" ነው የምለው።

አጎቴ ዳምጠው ከአምቦበር ካሴት ልኮ ነበር።
ድምፁን ቀድቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለጨው ነጋዴ ሰጠ፤
ነጋዴው ገዳሪፍ ላይ ለታመመ መንገደኛ፣
መንገደኛው ለነርስ፣ ነርሷ ለማታውቀው ሾፌር።
ማንም አልሰማውም። ማንም አልበላውም።
በስድስት ዓመቱ የሩሃም ደረሰ፣ የአባቴ ወጥ ቤት፦
"ደኅና ናችሁ ወይ? ቡሬ ላማችን ወለደች" ይላል ካሴቱ።
አጎቴ ካረፈ አራት ዓመት አልፎት ነበር።
አባቴ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ለቴፑ፦
"እሰይ! ወይፈን ነው ወይስ ጊደር?"

ዘጠኝ ከሃምሳ። መጣ።
ሦስት መስመር ብቻ፣ የሙቀት ቁጥር፣ ሌላ የለውም።
ላኪዋ መንኮራኩር ባለፈው ወር ባትሪዋ በርዶ
ዝም ብላለች፤ ያቆየችው አቀባይዋ ናት፣ ከጥላው ማዶ።
የጥቅሉ ዕድሜ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው።
መልስ አያስፈልግም ይላል ደንቡ፣ ላኪ ለሌለው።
ጻፍኩ፦ "ተረከብኩ"። አቀባይዋን አልፎ እንዲሄድ ለቀቅሁት፣
ሰዓት ከሃያ ተጉዞ፣ የሚሰማ ወደሌለበት።

ሲነጋ ዮታም ገባ፤ ጃኬቱን ሰቀለ፣
መዝገቡን አየና "ይሄ ለማን ነው?" አለ።
በመስኮቱ ጠቆምኩት፦ አንዲት ዋልያ
ከአስፋልቱ ዳር ቆማ ግልገሏን ታጠባለች።
"ጊደር ናት" አልኩት፣
በአማርኛ።
ዕብራይስጡ ጠፋኝ።