የጠመኔ ላም

ጭራዋ ከበሩ፣ አፏ ከመስኮቱ፣
ሰሌዳው ጠበባት፣ አለቀ ስፋቱ።
መምህር ይመር፣ እጁ እስከ ክርኑ ጠመኔ ለብሶ፣
ሳላት የባሕር ላም፣ ተንጠራርቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መልሶ።

ሐይቅ ከተማ፣ ዘጠነኛ ለ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፤
እኛ ስልሳ፣ ወንበሩ አርባ፣ መስኮቱ የነፋስ ጓዜ።

«ክብደቷ» አለን «የሠላሳ በሬ፤ ጥርስ የላት፣ ቀንድ የላት፤
መስጠም የማይሆንላት፣ ጀርባዋ ላይ ወፍ የሚያርፍላት።
በረዶ አገር፣ ከውኃ በታች ሣር የምትግጥ፣
ቆዳዋ ሻካራ፣ ልክ እንደ ዋርካ ልጥ።
ሰው ካያት በኋላ ኖረች ሃያ ሰባት ዓመት፤
በሃያ ስምንተኛው ፈለጓት፤ የለችም። ከየት?
አሁን እናንተ ፍረዱ፤ ምንድን ነው የገደላት?»
ዝም አልን። ከዚያ ስልሳ እጅ ወጣ፤ ስልሳ ዳኛ ቆመላት።

የሉካንዳው ልጅ ጦይብ ቀድሞ ብድግ አለ፦
«ቢላዋ ነዋ! ሥጋዋ ከጣፈጠ፣ መያዟ ከቀለለ፣
የራበው መርከበኛ ምን ብሎ ያልፋታል?
አባቴን ጠይቁት፤ ገበያው ራሱ ያርዳታል።»
«ልክ» አለው መምህሩ፤ «ግን አንዷ ስትያዝ፣ ስንቷ ትቆስላለች፣
የብረቱን ስለት ይዛ ጥልቁ ላይ ትሞታለች።
ከበሉት ያባከኑት…» እዚህ ላይ ድምፁ ዝግ አለ፤
ቁጥር ሊጽፍ አስቦ፣ ጠመኔው አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ሉባባ፣ ከቢስቲማ መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር፣
እጇን ሳታወጣ ነው የጀመረችው መናገር፦
«ሣሩስ? ማን ነው ያየ ሣሩን?
የኛ ላሞች ያለቁት ማንም ሳያርድ አንዱን።»
«እሱም አለ» አላት፤ «ጸጉሩ የሚያምር አውሬ ነበረ፣
የባሕር ጃርት የሚበላ፤ ለኮት ተብሎ ተመነጠረ።
ጃርቱ ከልካይ አጥቶ ሣሩን ከሥሩ ጨረሰ ይላሉ፤
‹ሣሩ ሳያልቅ ነው ያለቀች› የሚሉም ደግሞ አሉ።»

ከኋላ አራጋው፣ የአስጋሪው ልጅ፦ «እኔ እንጃ፣ ምናልባት ቀድሞም ጥቂት ነበረች፤
ከሌላው ባሕር ሁሉ ተገፍታ፣ እዚያ ጥግ የተረፈች።
አባቴ መረቡን ሲያነሣ ‹ዘንድሮ ነው› ይላል ‹ያለቀው›፤
እኔ ግን ቆሮሶው ጥቂት ሆኖ ነው የማውቀው።»
መምህር ይመር ለራሱ፦ «መጨረሻ የመጣው ነው ስሙ ለክስ የሚነሣ፤
ቀድሞ የበላውንማ ማን ከመቃብር ያስነሣ?»

ጋሽ ሙሄ፣ ጥበቃው፣ ደወል ሊመታ መጥቶ
በር ላይ ቆሞ ኖሯል፣ ብረቱን ጨብጦ፣ አንገቱን አስገብቶ።
«አትቆጡኝ መምህር፤ በሰባ ሰባት እኛን
እንዲህ ነው የቆጠሩን፤ ድርቅ አሉ፣ ጦር አሉ፣ መንገድ ማጣትን…
ሁሉም ልክ ነው፤ አልጣላም። ግን ይቺ ላም ስትወጋ፣
ወገን አልነበራትም? አልመጣም አንድ የሚጠጋ?»

መምህር ይመር መጽሐፉን አጠፈ።
«መጣ» አለ። «በዓይኑ ያየ ሐኪም ነው የጻፈ።
ገመዱን ሊበጥሱ ወገኖቿ ጀርባቸውን ሰጡ፣
ጀልባውን ሊገለብጡ ከሥሩ ገብተው ወጡ።
ባሏ ግን እስከ ዳር፣ እየተመታ ተከተለ፤
በማግስቱም መጣ፣ ሬሳዋ አሸዋ ላይ እንዳለ፤
በሦስተኛው ቀን፣ ሆድ ዕቃዋን ሲበልቱ፣
እዚያው ነበረ፣ እዚያው፣ ልክ እንደ ትናንቱ።»

ጋሽ ሙሄ ምንም አላለ፤ ሄደ በዝግታ።
ከዋንዛው የተሰቀለው ቸርኬ፣ በየሰዓቱ የሚመታ፣
ያን ቀን አለፈው አሥር ሙሉ ደቂቃ፤
ጠብቀን አናውቅም እንዲህ ያለ ጥበቃ።

ተረኛ ጠራጊ እኔ ነበርኩ። ጨርቁን አረጠብኩ፤
ከጭራዋ ልጀምር አልኩ፤ ተውኩ።
ዓይኗ ትንሽ ነበረች፣ የበግ ዓይን የምታክል።
ጨርቁን አሰጣሁት በመስኮቱ በኩል።
ማዶ ሐይቁ ተኝቷል፤ የአራጋው አባት ታንኳ
ባዶዋን ወደ ደንገሉ ስትመለስ አየሁ፤ ውኃው እንኳ
አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ የሒሳብ መምህሩ ገቡ፣ አዩአት፣ አሰቡ፤
የሰሌዳውን ዳር ዳሩን በዓይናቸው ከበቡ፤
ከሆዷ በታች፣ ከጠበበው ቦታ ጻፉ።
የመጀመሪያዋ ጥያቄ መቀነስ ነበረች፤
ምልክቷ፣ አጭሯ ሰረዝ፣ ጭራዋን ነካች።