አንዲት መዝገብ ብቻ

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ቂርያት ጋት፣
ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ሱቄ፣
ሙቀቱ የመስኮቱን ማስታወቂያ ሲልጥ፣
ሰንበት ሊገባ ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣
ወይዘሮ ጥሩዓለም መጡ።
በላስቲክ የተቋጠረ ጥቁር ዲስክ
ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«የውባንተ ነው» አሉ። «ላፕቶፑ አብሮት ሞተ፤
በዚያው ሳምንት።
ልጄ ቀደም ብሎ ሙሉውን ገልብጦት ነበር፤
እንዳለ፣ ከነነፍሱ።
እኔ ሁሉን አልፈልግም።
የእቁቡን መዝገብ ብቻ አውጣልኝ።
ሰው አፉን ከፍቶብኛል፣ ባልሽ በልቷል እያለ።»

ሰካሁት። እንደ አሮጌ ወፍጮ አጉረመረመ።
ሁለት መቶ ሠላሳ ጊጋ፣ አንድ ፋይል፤
ስፌቱ የማይታይ ጆንያ።

እንዲህ ላለው ነገር ሁለት መንገድ አለ።
አንደኛው ቀላል ነው፤ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣
የዚያን ቀን ኮምፒውተር እንደነበረ ይመለሳል፤
ሳይዘጋ የቀረው መስኮት ሳይቀር።
ዋጋው ግን፣ ዛሬ ያለህን ሁሉ ይደመስሳል።
ሙሉ ትናንት የሚገባው
ባዶ ቤት ብቻ ነው።

እሳቸው ደግሞ አዲስ ላፕቶፕ ይዘዋል፤
የልጅ ልጃቸው የመጀመሪያ እርምጃ ያለበት፣
የሐኪም ቀጠሯቸው፣ የዕብራይስጥ ትምህርታቸው።
«ይሄን ሁሉ ላጥፋው?» ብላቸው
በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ሳቁ።
«ባሌን እወደው ነበር፤
ግን የዛሬው ምን በደለኝ?»

ስለዚህ ሁለተኛውን ያዝኩ።
ምስሉን ሳልፈታ ሰቀልኩት፤
ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም።
ሙት ቤት በእግር ጣት ገብቶ፣
መሳቢያ ከፍቶ፣ መልሶ ዘግቶ፣
አንድ ነገር ብቻ ይዞ እንደ መውጣት።

«ጎንደር» የሚል ፎልደር፤ አልከፈትኩም።
«ለሚኒስቴሩ» የሚል፤ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ፣
ሁሉም «ስለ እህቴ»።
«የፈረንጅ ዘፈን» የሚል፤
ይቅር ይበለኝ፣ እሱን ከፈትኩት፤
ባዶ ነው።

እቁቡ ከመብራት ሂሳብ ሥር ተገኘ።
«እሱ» አሉ ወይዘሮ ጥሩዓለም፣
«ገንዘብን ከገንዘብ ጀርባ ነው የሚደብቅ።»

ስም፣ ወር፣ ሼቄል።
ከአንዳንዱ ስም ጎን ቀይ ነጥብ፤
ከነጥቡ ጎን በትንሽ ፊደል፣ «ከእኔ»።
አየልኝ፣ ከእኔ። አየልኝ፣ ከእኔ።
አሥራ አንድ ወር።

አየልኝ አባቴ ነው።
ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ ነው፤ እኔ ውትድርና ላይ ነበርኩ፤
ቤት ስመጣ ሥጋ ነበር፣ ሳቅ ነበር፣
ዕጣው ሲደርሰውም የዚህችን ሱቅ ቀብድ
«የላቤ ነው» ብሎ ቆጠረልኝ።
ባለፈው ሰንበት፣ ከጸሎት ቤቱ ደጅ፣
«ውባንተ በልቷል» ካሉት ድምፆች አንዱን
ሳልዞር አውቄዋለሁ።

ምስሉ አይጻፍበትም። ቅጂው ግን ይጻፍበታል።
ወደ አዲሱ ዲስክ ከተሻገረ በኋላ
አንድ ረድፍ መሰረዝ የሁለት ጣት ሥራ ነው፤
እሳቸው እንደሆን መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል።

አረንጓዴው መስመር ሰባ፣ ሰማንያ አለ፤
ዘጠና ሁለት ላይ ቆሞ አሰበ።
እኔም አሰብኩ።
ውጭ የዕለቱ የመጨረሻ አውቶቡስ ፍሬኑ ጮኸ።

መቶ።
እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።
አትሜ አወጣሁላቸው፤ አራት ገጽ።

«ምን ይላል?» አሉ። «በልቷል ይላል?»
«አልበላም» አልኳቸው። «አብልቷል።»
«ማንን?»

መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረድኩ፤
ወንበር ሳብኩላቸው፤
ከመጀመሪያው ረድፍ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።
የአባቴ ስም ሰባተኛው ላይ ነው።