እስከ ጫ

ጌንት ከተማ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከጎዴሊቭ ማተሚያ ቤት
አሥራ አራት መሳቢያ አለ፣ የእርሳስ ፊደል የሞላበት።
አሥራ አምስተኛው ያንቺ ነው፤ ሲስቡት ቀለል ይላል፤
የፒር እንጨት እንጂ እርሳስ መች ደጁን ረግጦ ያውቃል።

አሮጊቷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
«ያንቺን ፊደል የሚሸጥ የለም» ብላ
አንድ ጉማጅ ሰጠችሽ፣ አንድ ቀጭን ቢላ።
ለኅትመት የሚቀረጽ ፊደል ግልባጭ ነው፣ እንደ መስታወት።
«ሀ ምን አላት? ግራ ቀኟ አንድ ነው» ብለሽ ሳቅሽባት፤
ሁ ላይ ግን ክንዷን በማይሆን ጎን ተከልሽላት።
ያቺ የተሳሳተች ሁ ዛሬም ኪሴ ውስጥ አለች፤
ትራም ስነዳ፣ ቀይ መብራት ሲይዘኝ፣ በጣቴ ትዳሰሳለች።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ስድስት ዓመት።
ግራ ክንድሽን ለማሽኑ ለቀሽ፣ ደምሽ ወጥቶ ታጥቦ ሲገባ፣
ቀኝሽ ሥራ አልፈታም፤
አንሶላው የእንጨት ፍቅፋቂ ጠገበ።
ነርሷ ሊስቤት አንድ ቀን ቢላሽን ቀማችሽ፤
በሳምንቱ መልሳ «የእኔንም ስም» አለችሽ።
ሊ፣ ስ፣ ቤ፣ ት፤ ያን ጊዜ ተ-ን ጨርሰሽ ነበርና
ሳይጎድልባት ደረቷ ላይ ለጥፋው ዋለች፣ ቀና ቀና።

ደግ ነበረች ይላሉ። አልነበርሽም ሁልጊዜ፤
ላንቺ የተከለከለ ጨዋማ ድንች ጥብሴን ሰርቀሽኛል ስንት ጊዜ።
«አይዞሽ» የሚልሽን ትጠዪ ነበር።
አራቱን ፊደል ባንድ አስረሽ፣ ማኅተም አድርገሽ፣
ጠያቂ አፉን ሳይከፍት እጁ ላይ ትመቺው ነበር፦
«በል፣ ብለኸኛል። አሁን ሌላ ወሬ።»

ወንዙን «ላይ» ይሉታል የአገሩ ሰዎች።
«ውሸታሞች! ስሙ ላይ፣ መንገዱ ወደ ታች!»
አልሽ ድልድዩ ጫፍ፣ ሆድሽን ይዘሽ።
ሳቁ ሳያልቅ አቅምሽ አለቀ።
እስከ ፌርማታው አዘልኩሽ፤
እንደ መሳቢያሽ ቀለልሽኝ።

የካቲት ላይ ጨ-ን ጀመርሽ። ጨ፣ ጩ፣ ጪ።
ጫ ላይ፣ አንድ እግሯ ከእንጨቱ ሳይወጣ፣
ቢላው ቆመ።
«ከረጅም ሕመም አረፈች» ተባለ።
አላረፍሽም፤ ሥራ ላይ ነበርሽ።

የቀብርሽን ካርድ በራስሽ ፊደል እናትም ብለን
ጎዴሊቭና እኔ ማታውን መሳቢያሽን ከፍተን ተቀመጥን።
ሞት አለ። ሞ ከመጀመሪያው ክረምት፣ ት ከሊስቤት በጋ፤
ተሟልቶ፣ ተወልውሎ፣ እጅ ሳይዘረጋ እጅ ይገባል።
ጨለማ አለ።
ፈውስ የለም። ፀሐይ የለም።
ተስፋን ብፈልግ «ተስ» ብሎ ቀረ፣ ከኋላው ባዶ።
ነፍስ ይማር ልል ደረደርኩ፤
ነ፣ ጎደሎ፣ ስ፣ ይማር።
ያለ ፍ ነፍስ ምን ትባላለች?
ስምሽስ፣ ፀዳለ?
ፀ ከጫ ወዲያ ናት፤ ተራዋ ገና ነበር።
ለሰው ሁሉ ስሙን ስትቀርጪ
ላንቺ ስም ወረፋ ይዘሽ ቀረሽ።

ጎዴሊቭ አንዲት የአማርኛ ቃል አታውቅም።
ክፍተቱን ግን አየችው፤
ከእርሳሱ መሳቢያ ፊት የሌለው ጉማጅ አውጥታ
እየሞላችው፣ «ባዶም ከእርሳስ ነው» አለች፤
«ካልያዘው መስመሩ ይፈርሳል።»
ሌላ አልተናገረችም። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ቢላሽን ያነሳሁት ሲነጋጋ ነው።
ፀ ክብ ናት፣ ወገቧን መስመር የሚያቋርጣት፤
እንደ ሀ ግራ ቀኟ አንድ፤
መገልበጥ የማያውቅ እንኳ የማይስታት።
እኔ ግን አውራ ጣቴን ቆረጥኩ፣ ክቧም ዘመመች፤
እንቁላል መሰለች።

እንዲሁ ታተመ፤
አንዲት ጠማማ ፀ፣ ከጎኗ ያንቺ ዳ፣ ያንቺ ለ፣
ቀጥ ብለው፣ እንግዳ እንደሚያስጠጉ።

ጫን አልነካኋትም።
እግሯ እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ነው።