አርባ አንደኛው ረድፍ

ሃፕሳሉ ላይ ጥር ሲገባ፣ ባሕሩ ድንጋይ ይሆናል፤
ወደቡ አፉን ይዘጋል፤
የእኔ እጅ ግን ይፈታል።

ከንጋት በፊት ተነሥቼ፣ መብራት አብርቼ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣
ካሬ ወረቀት ዘርግቼ፣ እርሳሴን በቢላ ቀርጬ፣
«አንድ ካሬ፣ አንድ የክር ዓይን» ብዬ
ነጥብ እጥላለሁ፤ ክፍት ቦታ እተዋለሁ፤
ገና ያልተወለደ ሻርፕ በቁጥር እሠራለሁ።

ሰው «ንድፍ አውጪዋ» ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ እውነቱን ግን ልናገር፦
የቀኔ እኩሌታ የሚያልቀው የትናንቱን ስተረትር።
በአንዲት ዓይን ተሳስቼ (አንዲት!) ከሦስት መቶው መሐል፣
መልሼ ክር ሳጠነጥን ሌሊቱ በከንቱ ይነጋል።
ልቃቂቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል ድመቴ ትስቅብኛለች፤
ከዚያ ዞራ ዞራ፣ ከበላዩ ትተኛለች።

ሦስት ወር የፈጀ ንድፍ በሁለት ዳቦ ዋጋ ይሸጣል፤
ከገዢዋ ለእህቷ፣ ከእህቷ ለጎረቤት፣ በነጻ ተባዝቶ ይሰጣል።
አልቀየምም። እቀየማለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ እቀየማለሁ፤
ረቡዕ ክፍል ስላለኝ እረሳለሁ።

ክፍሌ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ ባቡር ከማይመጣበት ጣቢያ፤
ዘጠኝ ወንበር፣ አንድ ምድጃ፣ የእርጥብ ካፖርት መስቀያ።
አርቮ ይመጣል፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣
ጣቱ እንደ ካሮት የወፈረ፣ መርፌውን እንደ መሪ ይዞ ሲያሽከረክር።
«ዳገቱን አልፈሃል፣ ማርሽ ቀይር!» ስለው አንገቱን ይነቀንቃል፦
«ማይሙ፣ አውቶቡስ ቢሳሳት ወደ ኋላ ይነዳል፤
ይሄ ግን ወደ ኋላ ሲሄድ መንገደኛው ሁሉ ይወርዳል!»

ትሪን ከሌሊት ፈረቃ፣ ከሆስፒታል በቀጥታ ናት፤
አንድ ረድፍ ሠርታ ታንቀላፋለች፤ ማንም አይቀሰቅሳት።
ሌሎ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ክሯን እንደ ጠላት ታንቃለች፤
እንዳያመልጣት ፈርታ፣ መርፌ እስከማያስገባ ታጠብቃለች።
«ልቀቂ» እላታለሁ፤ «ክር በግድ አይያዝም፤
ያላላሽው ይመለሳል፤ ያነቅሽው አይራመድም።»
ይህን ስል እናቴን እመስላለሁ። ያን ደግሞ አልወድም።

ባለፈው ረቡዕ፣ ትምህርት ሊያልቅ ሲል፣ አንዲት ሴት በሩን ገፋች፤
ከትከሻዋ በረዶ ሳታራግፍ፣ ካርቶን አቅፋ ቆመች።
የእናቷ እጅ ሥራ ነበር፤ ነጭ ሻርፕ፣ ግማሹ ያለቀ፣
መርፌው እንደተሰካ፣ ክሩ ከልቃቂቱ ያልተላቀቀ።
«ጨርሺልኝ» አለች። «እናቴ በመስከረም…»
ዐረፍተ ነገሩን አልቋጨችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

መብራቱ ሥር ዘረጋሁት። ሹራብ ማንበብ እችላለሁ፤
ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ፣ ማን እንደቸኮለ፣ ማን እንደተከዘ አያለሁ።
ከታች ቅጠል፣ ቅጠል፣ ቅጠል፤ እኩል፣ እንደ ሰልፈኛ ወታደር፤
በየቅጠሉ መሐል ፍሬ፤ ሰባት ዙር በአንድ የሚታሰር።
አርባ አንደኛው ረድፍ ሲደርስ ፍሬው አምስት ዙር ሆነ፤
ትንሽ ከፍ ብሎ ሦስት፤ ከዚያም ጨርሶ በነነ።

«ስሕተት ነው?» አለች ሴትዮዋ። «ፍቺውና አስተካክይ።»
አርቮ ሥራውን አቆመ። ሌሎ ቀና አለች፣ የእኔን ፊት ልታይ።
ትሪን፣ ተኝታለች ያልናት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች፦
«ሰባት ዙር ጣት ይፈልጋል። ሲያማት፣ ቆጥራ ነው የቀነሰች።»

ምድጃው ብቻ ተንጣጣ።
አርባ ዓመት ዓይን ስቆጥር ኖሬ፣
እጁን ማየት አመለጠኝ።

አልፈታሁትም። አልጨረስኩላትምም።
ወንበር ሳብኩላት። «እኔ እኮ» አለች፣ «መርፌ ይዤ አላውቅም።»
«አርቮም አያውቅም ነበር» አልኳት።
«አሁንም አያውቅም» አለ አርቮ፣ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሲለቅላት።

ዛሬ ማታ ካሬ ወረቀቴ ላይ የእናትየዋን መንገድ እነድፋለሁ፤
ሰባት፣ አምስት፣ ሦስት፣ ባዶ፤ ረድፍ በረድፍ፣ እንዳለ እገለብጣለሁ።
ለሽያጭ አይደለም። ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ እርሳሴ ቆሟል፤
የልጅቷን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ረቡዕ ይደርሳል።
መጀመሪያ ግን ማላላት ትማር፤ እሷም እንደ ሌሎ ታንቃለች።
ውጭ በረዶው ይንቋቋል።
ድመቷ ልቃቂቱ ላይ ተኝታለች።