ገጽ ሃያ ሦስት

ሁለት ወረቀት ነው፦ ሽፋንና ማውጫ።
ነጥብ ለርእሱ አለው፣ ለፊደሉ ምርጫ፣
ነጥብ ለፎቶግራፍ፣ ነጥብ ለቀለሙ፤
ለውስጡ ግን የለም። ውስጥ የለውም፣ ስሙ።
ሆድ የሌለው መጽሔት፣ ፊትና ስም ብቻ፣
ግድግዳ ላይ እንደተሳለ በር፣ የሌለው መክፈቻ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አዝዣለሁ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነጥብ ደምሬያለሁ።

ከተማችን ያለች ሰሜን ዌልስ ጥግ ነው፤
ጥቁሩ ድንጋይዋ እየተሰነጠቀ
የሰው ጣሪያ ሊሆን ተጭኖ አለቀ፤
ለሷ የተረፋት ስብርባሪና ዝናብ ነው።

ዘንድሮ ተሌሪ፣ የኋላ ወንበሯ ዝምተኛ፣
መጽሔቷን «ቁልል» አለችው።
ለርእሱ ሙሉ ሰጠሁ፤ አላየሁትም ዳግመኛ።
ሽፋኑ ላይ ጌቲን፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣
የጥርሱን ሽቦ ካሜራ እንዳያይ አስቀድሞ።
ዋጋው አንድ ፓውንድ። ባርኮዱ ከየት መጣ ብትሉ፣
ከብስኩት መጠቅለያ በመቀስ ተቆርጦ ነው፣ ከነመስመሩ ሁሉ።

ማውጫው በግራ ዓምድ፣ ቁጥሮቹ በቀይ፦
አራት፣ የርእሰ መምህሯ ሰላምታ፤
ዘጠኝ፣ ዝናብ የማያስገባ ጫማ ፍለጋ፤
አሥራ ሁለት፣ ራግቢ፣ ያው ሽንፈት፤
አሥራ ስድስት፣ ስንጨርስ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል?
(ለሸለቆ ልጆች ማውጫ ሁሉ መውጫ፣
እያንዳንዱ ቁጥር የበር ቁልፍ፣ ማምለጫ።)
ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተረፈ።
ባዶ ቦታ ነጥብ ይቀንሳል ብያለሁና፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ ከነፈ፦
«ሃያ ሦስት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ማታ፣
በሙዚቃ ክፍል የሚዘምረው ማነው?»
ከዚህ የዘለለ አላሰበችም፤ ቀዳዳ ነበር፣ ይህ ውታፍ ነው።

ነጥቡን ሰጥቼ ከመተላለፊያው ግድግዳ ለጠፍኩት።

ማክሰኞ ማለዳ የክፍሌ በር ተንኳኳ፤
ጽዳት ሠራተኛው ኤምሊን።
የሁሉም በር ቁልፍ ወገቡ ላይ ታስሮ
ለምን እንዳንኳኳ ገረመኝ፤ ቆሟል አቀርቅሮ።
ሳሙና ባሻከረው መዳፉ አንድ ፓውንድ ይዞ፣
«አንድ ቅጂ ስጪኝ» አለኝ፤ «ያውም ዛሬ።
በሃያ ሦስት ላይ ወጥቷል አሉ ወሬ።
ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ ነበር… ማን ይሆን የሰማኝ?»
ጆሮው ደም መስሏል። ቃል አጣሁ፣ ጨነቀኝ።

ምን ልበለው? «ሽፋን ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው»?
ሃያ ስድስት ዓመት ወለላችንን የፈተገ ሰው
አንድ ቀን ቢነሣ፣ ያውም ስሙ ሳይሆን ድምፁ፣ በጥያቄ…
ፓውንዱን ተቀበልኩ፤ «ሐሙስ» አልኩት፣ እውነቱን ደብቄ።

ተሌሪን ጠርቼ ነገርኳት። ፊቷ ቀላ።
«እኔ እኮ ፈጥሬው ነው!» አለች፤ ሌላ
ቃል አልወጣትም። የአሥር ሰዓቱን አውቶቡስ እያየች አሳለፈች፤
ከሙዚቃ ክፍል ደጃፍ፣ ወለሉ ላይ፣ ጉልበቷን ታቅፋ ተቀመጠች።

ያገኘችው ይህን ነው፦
የድንጋይ ካባው መዘምራን ነበሩ፣ አርባ ወንድ፣ በአራት ድምፅ፤
ካባው ሲዘጋ ተበተኑ፤ ከኤምሊን በቀር የቀረ ገጽ
የለም። እሱ የራሱን ድርሻ ብቻ ይዘምራል፣ ማታ ማታ፤
የሌሎቹ ተራ ሲደርስ ዝም ይላል፣ ቆጥሮ፣ ሰጥቷቸው ቦታ፤
ከዚያ ይገባል፣ አንዲት ምት ሳያጓድል፣
ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አብሮት የቆመ ይመስል።

ሌሊቱን ጻፈች። ጠዋት አንድ ወረቀት አተመች፣
በሽፋኑና በማውጫው ጀርባ ሰክታ በስቴፕለር መታች።
ከአራት እስከ ሃያ ሁለት ያለው አሁንም ነፋስ ነው፤
ገጽ ሃያ ሦስት ግን ገጽ አለው።
በነጥብ ሰንጠረዤ ለዚህ የሚሆን ሳጥን ፈልጌ አጣሁ።

ኤምሊን ቆሞ አነበበ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣
እስከ ታች ድረስ፤ ከዚያ ወደ መሐሉ ተመለሰ።
ከጆሮው ሥር እርሳሱን መዘዘ፦ «ባስ የሚለው አይደለም፤
ሁለተኛ ቴነር ነኝ። ባስ ሆኜ አላውቅም።»
«እርማቱ» አለች ተሌሪ፣ «በሚቀጥለው እትም ይወጣል።»
«መቼ ነው?» አለ፤ ሌላ ፓውንድ ፍለጋ እጁን ኪሱ ከቷል።